አውት ሁሉ ኳስ አይገድልም፦ ግራ የሚያጋቡ የሶፍትቦል ደንቦች

አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ (ሯጭ ተራ በተራ የሚረግጣቸው የሜዳው ማረፊያዎች) ላይ ሯጮች ቆመዋል። የተመዘገበው አውት፣ ማለትም ከጨዋታ የወጣ ሰው፣ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ሲሞላ የመምታት ተራው ያልቃል። መቺው ኳሷን ወደ ላይ አጎናት፤ ከውስጠኛው ሜዳ ግን አላለፈችም። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ዳኛው «መቺው አውት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ኳሷ ከተከላካዩ ጓንት ሾልካ ወደቀች። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ሯጭ ሦስተኛውን ለመያዝ ተፈተለከ። አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ደግሞ «አውት ተብሏል እኮ» ብሎ ከቤዙ ወረድ ብሎ ቆመ። ተከላካዩ ኳሷን አንስቶ መጣና ነካው። እሱም አውት። ልጁ እጁን ዘርግቶ «ጨዋታው ቆሟል ብዬ ነው!» ይላል። ጨዋታው ግን አልቆመም ነበር።

በሶፍትቦል፣ ማለትም በቤዝቦል ዘመዱ የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ሜዳ ላይ ከሚነሱት ክርክሮች ብዙዎቹ ሥራቸው እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። አንዱ «አውት የሆነው ማነው?» የሚለው ነው። ሌላው «ኳሷ በሕይወት አለች ወይስ ሞታለች?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይመልስም። መቺው ወይም ሯጩ አውት ሆኖ ኳሷ በሕይወት ልትቀጥል ትችላለች። ኳሷ ሞታ ማንም አውት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ የሚጠይቅ ሰው በጣም የተወሳሰበ የሚመስለውን ጨዋታ እንኳ በቀላሉ ይፈታዋል።

«የሞተች ኳስ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ኳሷ ስትሞት ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ሯጭ በራሱ ፈቃድ ወደፊት አይሄድም። ተከላካይም ሯጭን ነክቶ አያስወጣም። ማን የትኛው ቤዝ ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ዳኛው ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ቦታው ላይ ቆሞ፣ ዳኛውም «ፕሌይ» እስኪል ድረስ ነገሩ እንደዚያው ይቆያል። እግር ኳስ የለመደ ሰው እዚህ ጋ የሚቸገረው ፊሽካ ስለሚጠብቅ ነው። እዚህ ያለው የዳኛው ድምፅና የዳኛው እጅ ነው። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ መዳፎቹን ከከፈተ ኳሷ ሞታለች። ለአውት ግን አንድ እጁን ጨብጦ ነው የሚያነሳው። ምልክቶቹ የተለያዩት ነገሮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

ወደ መጀመሪያው ትዕይንት እንመለስ። ደንቡ «ኢንፊልድ ፍላይ» ይባላል። የሚሠራው ከሁለት ያነሰ አውት ሲኖር ነው። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ፣ ወይም ሦስቱም ቤዞች ሯጭ ሊኖርባቸው ይገባል። ኳሷም ከፍ ብላ የወጣች፣ የውስጥ ተከላካይ ያለ ብዙ ድካም ሊይዛት የሚችላት መሆን አለባት። ቀጥ ብላ የተተኮሰች ኳስ አትገባበትም። መቺው ዱላውን አስጠግቶ በቀስታ የነካትም፣ ማለትም «በንት» የሚባለው፣ አይገባበትም።

ይህ ደንብ ለምን አስፈለገ? ተንኮልን ለመከላከል ነው። ኳስ ወደ ላይ ስትወጣ ሯጮቹ ትያዛለች ብለው ቤዛቸው አጠገብ ይቆያሉ። ተከላካዩ ሆን ብሎ ቢጥላት መቺው ሯጭ ይሆናል፤ አንደኛ ቤዝን ይፈልጋል። እዚያ የነበረው ሯጭ ለእሱ ቦታ መልቀቅ አለበት። ሁለተኛው ላይ ያለውም እንደዚሁ። ሁለቱም ሳያስቡት መሮጥ ግዴታ ይሆንባቸውና በቀላሉ ይወጣሉ። ደንቡ ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። መቺው አስቀድሞ አውት ከተባለ ቤዝ የሚፈልግ አዲስ ሰው የለም። ገፊ ከሌለ ተገፊ የለም። ይህችን ምክንያት የጨበጠ ሰው ደንቡን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ኳሷ ግን በሕይወት አለች። ሯጭ መሮጥ ካሻው በራሱ ኃላፊነት ይሮጣል። ኳሷ ከተያዘች ወደ ቤዙ ተመልሶ ነክቶ መነሳት አለበት። ከወደቀች መመለስ አይጠበቅበትም። የመሮጥ ግዴታው ስለተነሳለት እሱን ለማስወጣት ቤዝ መርገጥ ብቻ አይበቃም፤ ራሱን በኳሷ መንካት ያስፈልጋል። ያ ልጅ የተነካው ለዚህ ነው። ቤዙ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አያደርገውም ነበር። ኳሷ ወደ መስመሩ ከተጠጋች ደግሞ ዳኛው «ፌር ከሆነች» ብሎ ይጨምርበታል። ፌር ማለት በመስመሮቹ ውስጥ ያለች፣ ፎል ማለት ከመስመሮቹ ውጭ የወጣች ናት። ሳትያዝ ፎል ሆና ከቀረች አውቱ የለም።

የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ደንብ አለ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለ፤ አውቱም ከሁለት በታች ነው። የውስጥ ተከላካይ በቀላሉ ሊይዛት የሚችላትን ኳስ በእጁ ወይም በጓንቱ ካገኛት በኋላ ሆን ብሎ ጣላት። እዚህ ቀጥ ብላ የተተኮሰች ኳስም ሆነ በንት ይቆጠራል። መቺው አውት ነው፣ ኳሷም ወዲያው ትሞታለች፣ ሯጮች ይመለሳሉ። ልዩነቱን አያችሁ? ያኛው አውት ኳሷን አይገድላትም፣ ይሄኛው ይገድላታል። ተከላካዩ ኳሷን ሳይነካ መሬት እንድታርፍ ከተዋት ግን ጣላት አይባልም። ሁለቱ ደንቦች ባንድ ጊዜ ከተገጣጠሙ የሚጸናው ኢንፊልድ ፍላይ ነው።

ፎል ላይ ደግሞ አንድ ቃል ሦስት ዓይነት ነገር ይሸፍናል። ፎል ሆና መሬት ያረፈች ኳስ ሞታለች፤ ሯጮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ፎል ክልል ውስጥ አየር ላይ የተያዘች ኳስ ግን አልሞተችም። መቺው አውት ነው፣ ሯጮችም ቤዛቸውን ነክተው መሮጥ ይችላሉ። ሦስተኛዋ «ፎል ቲፕ» ትባላለች። ዱላውን ጨረፍ አድርጋ በቀጥታ ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው ተጫዋች) ጓንት ውስጥ ገብታ የተያዘች ናት። እሷ ልክ መቺው እንደሳታት ኳስ ናት። ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺውን የሚያስወጣ ያልተሳካ ሙከራ) ነው፣ ኳሷ በሕይወት አለች፣ ሯጭ ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ወደሚቀጥለው ሊሮጥ፣ ይችላል። «ፎል ነው እኮ፣ መልሱት!» የሚል ጩኸት ከዳር የሚሰማው ብዙ ጊዜ በዚህች ነው። ሁለት ስትራይክ ያለበት መቺ በበንት ፎል ከመታ ደግሞ አውት ነው። እዚህ ኳሷም ሞታለች።

ኳስ መቺውን ስትመታውስ? ትሞታለች። ለማምለጥ ጊዜ ካልነበረው መቺው አንደኛ ቤዝ ይሰጠዋል። ነገር ግን ዱላውን ወንጭፎ እያለ ከመታችው ስትራይክ ነው እንጂ ስጦታ የለም። ያ ስትራይክ ሦስተኛው ከሆነ አውት ነው። ኳሷ ከገላው ነጥራ ሩቅ ብትሄድም «ካቸሩ አልያዛትም» ብሎ ወደ አንደኛ መሮጥ አይችልም። ገላውን በነካች ቅጽበት ሞታለችና። በአራት ቦል፣ ማለትም በአራት የተበላሹ ውርወራዎች፣ ወደ አንደኛ የሚሄድ መቺ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በፈጣን ውርወራ ሶፍትቦል በዚህ ጊዜ ኳሷ አትሞትም። መቺው አንደኛን ረግጦ ሳያቆም ወደ ሁለተኛ ሊቀጥል ይችላል። ብዙ ተከላካይ ይህን ረስቶ ዘና ሲል ይቀደማል።

ያልተያዘ ሦስተኛ ስትራይክ ጀማሪን ሁሉ ያስደነግጣል። መቺው ሦስተኛውን ስቶ ካቸሩም ኳሷን ካልያዛት፣ መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጥ ይችላል። ይህ የሚሆነው አንደኛ ቤዝ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ሁለት አውት ሲኖር ነው። አንደኛው ተይዞ አውቱ ከሁለት በታች ከሆነ መቺው በቃ፣ ወጥቷል። ምክንያቱ ከኢንፊልድ ፍላይ ጋር አንድ ነው፤ ካቸሩ ሆን ብሎ ጥሎ ሁለት ሰው እንዳያስወጣ ነው። ሁለት አውት እያለ ሦስቱም ቤዞች ሞልተው ከሆነ ደግሞ ካቸሩ ሩቅ መወርወር አያስፈልገውም። መቺው ሯጭ ስለሆነ ሁሉም የመሮጥ ግዴታ አለበት። ካቸሩ ኳሷን አንስቶ ሆምን፣ ማለትም መቺው አጠገቡ የሚቆምበትንና ሯጭ ሲረግጠው ነጥብ የሚያገኝበትን ቤዝ፣ ከረገጠ ሦስተኛው አውት ተገኘ። ይህን የሚያስታውስ ካቸር ቡድኑን ያድናል።

የተመታች ኳስ ሯጭን ብትነካስ? ቤዙን ለቆ የሚሮጥ ሰው ፌር ኳስ ማንንም ተከላካይ ሳትነካ ከመታችው፣ በፊቱም የውስጥ ተከላካይ ካላለፈች፣ እሱ አውት ነው፤ ኳሷም ትሞታለች። መቺው አንደኛ ቤዝን ያገኛል። ኳሷ አስቀድማ ተከላካይን፣ ወርዋሪውንም ጭምር፣ ከነካች ግን ጥፋት የለም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ቤዝ ላይ የቆመ ሯጭ በሶፍትቦል ይጠበቃል። ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር ኳሷ ስለመታችው ብቻ አውት አይባልም። ከቤዝቦል የመጡ ሰዎች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ፤ በቤዝቦል ቤዝ ላይ መቆም በአብዛኛው አያድንምና።

ዱላስ? መቺው ዱላውን ጥሎ ሮጠ፤ ኳሷ ተንከባልላ መጥታ መሬት የተኛውን ዱላ ነካች። ፌር ክልል ውስጥ ከሆነና መቺው ሆን ብሎ ካላደረገው ጨዋታው ይቀጥላል። የተጣለው ዱላ ሄዶ ኳሷን ከመታት ግን መቺው አውት ነው፣ ኳሷም ሞታለች። የሚጠየቀው «ማን ማንን መታ?» ነው።

አሁን በጣም ወደሚያጣላው ጉዳይ ልግባ። ሯጭና ተከላካይ ተጋጩ። ሁለቱም ይጮሃሉ። ጥፋቱ የማን ነው?

መጀመሪያ የሚታየው ኳሷ የት እንዳለች ነው። የተመታችን ኳስ ለመያዝ ወይም ለማንሳት የሚሞክር ተከላካይ መንገድ አለው፤ ሯጩ ዞሮለት ማለፍ አለበት። «መስመሬ ላይ ነበርኩ» የሚል መከራከሪያ አያዋጣም። ባያስበውም ከተጋጨው «ኢንተርፊራንስ» ነው። ሯጩ አውት ይሆናል፣ ኳሷም ወዲያውኑ ትሞታለች። ሌሎቹ ሯጮች በዚያች ቅጽበት ነክተውት ወደነበረው የመጨረሻ ቤዝ ይመለሳሉ፤ መቺው አንደኛ ስለሚሰጠው የሚገፋ ካለ እሱ ብቻ ወደፊት ይሄዳል። ሯጩ ግልጽ የሆነን የሁለት ሰው አውት ለማበላሸት ብሎ ካደረገው ዳኛው ሁለተኛ ሰውም ሊያስወጣ ይችላል።

ኳስ ያልያዘና የተመታች ኳስም የማያነሳ ተከላካይ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ነው። ይህ «ኦብስትራክሽን» ይባላል። እዚህ ኳሷ ወዲያው አትሞትም። ዳኛው ግራ እጁን በጎን ዘርግቶ ጣቶቹን ይጨብጣል፤ ጨዋታውን ግን አያቆምም። እግር ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳኛው ጥፋት አይቶ «ቀጥሉ» ብሎ እጁን ዘርግቶ የሚሮጥበት አድቫንቴጅ ማለት ነው። የሞት ፍርዱ ለጊዜው ዘገየ እንበል። ሯጩ ያለ እንቅፋት ይደርስበት የነበረው ቤዝ ላይ በራሱ ከደረሰ ጉዳዩ አለቀ። ከዚያ በፊት ከተነካ ኳሷ ትሞታለች፣ ዳኛውም ያን ቤዝ ይሰጠዋል። መንገድ በተዘጋበት በሁለቱ ቤዞች መካከል አውት አይደረግም። ይህ ማለት ግን የፈለገውን ቢያደርግ ያልፋል ማለት አይደለም። ቤዝ ዘሎ ካለፈ፣ ወይም እሱ ራሱ ተከላካይ ላይ ጥፋት ከሠራ፣ ይወጣል።

የዳኛውን የተዘረጋ ግራ እጅ አይቶ ሩጫውን የሚያቆም ሯጭ ትልቅ ስህተት ይሠራል። እጁ «ጥፋቱን አይቻለሁ» ይላል እንጂ «ቁም» አይልም። ተሯሩጦ የተገኘ ቤዝ ዳኛ ከሚገምተው ቤዝ ሊበልጥ ይችላል። ካቸሩ የመቺውን ዱላ ሲያደናቅፍም እንዲሁ ፍርዱ ይዘገያል። ያ እንቅስቃሴ ካለቀ በኋላ የመቺው አሠልጣኝ ይመርጣል። ወይ የሆነውን ውጤት ይወስዳል፣ ወይ መቺው አንደኛ ቤዝ ይሰጠዋል።

ተወርውራ ከሜዳ የወጣች ኳስ ላይ ደግሞ «አንድ ሲደመር አንድ»፣ ማለትም ሯጭ ወደሚሄድበት ቤዝ ላይ አንድ ይጨመርለታል፣ የሚል አባባል አለ። ስህተት ነው። ኳሷ ከተከላካይ እጅ ተወርውራ ከጨዋታ ክልል ከወጣች ትሞታለች፤ ሯጮችም ሁለት ቤዝ ይሰጣቸዋል። የሚቆጠረው ኳሷ ከወረወራት ተከላካይ እጅ በለቀቀችበት ቅጽበት ሯጩ ከነካው የመጨረሻ ቤዝ ነው። አንደኛን ነክቶ ወደ ሁለተኛ እየሮጠ ከነበረ ሦስተኛን ያገኛል። ወደ አንደኛ እየተመለሰ ከነበረም ያው ሦስተኛን ያገኛል። አቅጣጫው ምንም አይለውጥም። ወርዋሪው ለመቺው የወረወራት ኳስ ካመለጠችና ከሜዳ ከወጣች ግን አንድ ቤዝ ብቻ ነው።

ሁለት ደንቦች ደግሞ ከሜዳው ስፋት የመጡ ናቸው። በፈጣን ውርወራ ሶፍትቦል ከቤዝ ቤዝ ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ነው። በቤዝቦል 27.43 ሜትር ነው። ይህን ያህል አጭር በሆነ መንገድ ላይ ሯጭ ቀደም ብሎ እንዲወርድ ቢፈቀድለት ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ በፈጣን ውርወራ ሶፍትቦል ሯጭ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትለቅ ቤዙን መልቀቅ አይችልም። ከለቀቀ አውት ነው። ኳሷ ትሞታለች፣ ውርወራውም እንዳልተወረወረ ይቆጠራል። መቺው በዚያች ኳስ አጥር ቢያሻግርም ተመልሶ እንደገና ይቆማል። ያሳዝናል፣ ግን የሞተች ኳስ ነጥብ አታስቆጥርም።

ሁለተኛው ወርዋሪውን የከበበውን ክብ ይመለከታል። ክቡ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 2.44 ሜትር ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ እዚያ ውስጥ ሲሆንና ማንንም ለማስወጣት ሳይሞክር፣ ከቤዝ ውጭ ያለ ሯጭ መወሰን አለበት። አንድ ጊዜ መቆም ይፈቀድለታል። ከዚያ ወዲያው ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ። ከወሰነ በኋላ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። ካመነታ አውት ነው፣ ኳሷም ሞታለች። ሁለት ሯጮች አብረው ቢያጠፉ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው አውት ኳሷን ስለገደላት ሁለተኛው የሚቀጣበት ጨዋታ የለም። ወርዋሪው ለመወርወር እጁን ካወናጨፈ ግን ሯጩ ነጻ ይሆናል። ማስፈራራትም እንደ ሙከራ ይቆጠራልና።

አሁን ከሁሉ የከበደችኝን ልንገራችሁ። አንድ አውት አለ። ሦስተኛና አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ። መቺው ኳሷን ወደ ውጭኛው ሜዳ አርቆ መታት፤ ተያዘች። ሁለት አውት ሆነ። የሦስተኛው ሯጭ በሕጉ መሠረት ቤዙን ነክቶ ተነሳና ሆም ገባ። የአንደኛው ሯጭ ግን ትያዛለች ብሎ ስላላሰበ ሩቅ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ኳሷ ቀድማው አንደኛ ቤዝ ደረሰች። ሦስተኛው አውት። ጥያቄው፣ ነጥቡ ይቆጠራል?

አብዛኛው ሰው «አይቆጠርም» ይላል። ሦስተኛው አውት ቤዝ በመርገጥ ስለመጣ የግዳጅ አውት፣ ማለትም «ፎርስ አውት»፣ ይመስለዋል። የግዳጅ አውት ሦስተኛው ሲሆን ነጥብ እንደማይቆጠር ደግሞ እውነት ነው። ግን አስቡት። ግዳጅ የሚባለው መቺው ሯጭ ሆኖ ከኋላ ሲገፋ ነው። እዚህ ኳሷ ስለተያዘች መቺው ወጥቷል። የሚገፋ ሰው የለም። የአንደኛው ሯጭ የወጣው ቤዙን ቀድሞ በመልቀቁ ነው። ስለዚህ የሚታየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ሯጩ ሆምን የረገጠው ኳሷ አንደኛ ቤዝ ከመድረሷ በፊት ከሆነ ነጥቡ ይቆጠራል። በኋላ ከሆነ አይቆጠርም። የሆም ዳኛው በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ቦታ ባንድ ዓይን ማየት አለበት። ከባድ ሥራ ነው።

የአቤቱታ ነገር ቀረኝ። ሯጭ ቤዝ ሳይረግጥ ቢያልፍ፣ ወይም ኳስ ሳትያዝ ቀድሞ ቢነሳ፣ ዳኛው አይቶትም ቢሆን ዝም ይላል። የሚፈርደው ተከላካዮቹ አቤት ሲሉ ነው። ጨዋታው እየሄደ ከሆነ ኳሷን ይዞ ያን ቤዝ መርገጥ ወይም ሯጩን መንካት ይበቃል። በሶፍትቦል ግን ኳሷ ሞታ እያለችም በቃል አቤት ማለት ይቻላል። አንድ መቺ ኳሷን አጥር አሻገራት እንበል። ኳሷ ሞታለች፣ መቺው አራቱንም ቤዞች እየዞረ ነው፣ ቡድኑ እየጨፈረ ነው። ሁለተኛ ቤዝን ግን አልረገጠም። ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ አንድ ተከላካይ ወደ ዳኛው ቀርቦ «ሁለተኛን አልነካም» ካለ መቺው አውት ነው። ቀጣዩ ኳስ ለመቺ ከተወረወረ ወይም ተከላካዮቹ ሜዳውን ለቀው ከሄዱ ግን አቤቱታው አይሰማም፤ ያልተረገጠው ቤዝም እንደተረገጠ ይቆጠራል።